የብራ መብረቅ ከየት ይመጣል?

(በጥቅምት መጀመሪያ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ አዳማ ላይ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣ ለእህል ነጋዴዎችና ለጭነት መኪና ሹፌሮች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ሲገለበጥ ድግግሞሹን ሆን ብዬ አላወጣሁትም።)

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን?

ከሉሜ የመጣችሁ፣ ከቦሰት የመጣችሁ፣ ከአሰላ ዳገቱን ለመውረድ ሌሊት የተነሣችሁ፣ እዚሁ አዳማ መጋዘን ከፍታችሁ የምትሠሩ ነጋዴዎች፣ መኪናችሁን ውጭ አቁማችሁ የገባችሁ ሹፌሮች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። በጥቅምት አንድ ጠዋት ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጤፉ ቆሞ፣ ቦሎቄው ደርቆ እየጠበቀ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድባችሁም።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ የጥቅምት ዝናብ ከየት እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ የያዝነው ሳምንት ምን እንደሚመስል። ሦስተኛ፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ። እሱ ከገባችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ቀና ብላችሁ ሰማዩን ያያችሁ እጃችሁን አንሡ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል። መልካም። ወደ ምዕራብ ያያችሁ? ከግማሽ በላይ ናችሁ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ያያችሁስ? አራት፣ አምስት ሰው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የተወለድኩት ሉሜ ነው፤ ከሞጆ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ። ከደጃችን ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ዝቋላ ተራራ ይታያል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዝቋላን ግን ታነብ ነበር። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች፤ ትመለከታለች። «ዝቋላ ሻሹን ጠምጥሟል» ካለች ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ ስጥ አይሰጣም፤ ጥጆች ሩቅ አይሄዱም። «ራሱን ገልጧል» ካለች ልብስ ይታጠባል፤ በርበሬው ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ብዙ ጊዜ አትስትም ነበር።

ለምን አትስትም ነበር? ይህ የገባኝ በኋላ፣ ሙያውን ስማር ነው። በክረምት ለእኛ አካባቢ እርጥበት የሚያመጣው አየር በብዛት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ይመጣል፤ ከሕንድ ውቅያኖስም ዞሮ የሚቀላቀለው አለ። ዝቋላ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ሜዳ መሐል ለብቻው የቆመ ተራራ ነው። እርጥቡ አየር ሲደርስበት ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ስለዚህ የምዕራቡ አየር ምን ያህል እርጥበት እንደተሸከመ ከእኛ ቀድሞ የሚያሳየው እሱ ነው። አያቴ ታየው የነበረው ይህንን ነው። ሳይንስ ነው። ስሙን አላወቀችውም እንጂ ሳይንስ ነው።

አሁን ወደ 1990 ዓ.ም. ጥቅምት ልውሰዳችሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ላይ ተመልካች ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ዝናብ መለካት፣ ሙቀት ማንበብ፣ ደመና መመዝገብ ነው። ለጥቂት ቀን ፈቃድ ወደ ሉሜ ሄድኩ። ጋሼ፣ የአባቴ ወንድም፣ ጤፋቸው ደርሶ ነበር። ነጭ ጤፍ፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ የሚተኛና የሚነሣ ጤፍ። ደቦ ጠርተው ለማሳጨድ አስበዋል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ የሰማይ ነገር የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። አያቴ ከወዲያ በኩል «ዝቋላ ራሱን ገልጧል» አለች። እኔም ወጥቼ አየሁ። ኮከቡ ጥርት ብሏል። ዝቋላ ላይ አንዲት ደመና የለችም። «ይታጨድ» አልኩ።

በማግስቱ ሃያ የሚሆን ሰው ወጣ። ተዘፈነ፣ ታጨደ፣ እስከ ማታ ማሳው ተራቆተ። ነዶው እንደተኛ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ ይከመር ተባለ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። ግን ከዝቋላ በኩል አልመጣም። ከጀርባችን፣ ከአርሲ በኩል መጣ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ምዕራብ አዙረን ስለለመድን ያየው ሰው የለም። ነጎድጓዱን ስንሰማ ነው የዞርነው። የዚያን ቀን ዘነበ። በማግስቱ ዘነበ። ከዚያ በኋላም ዘነበ። ጤፉ ከታች ውሃ፣ ከላይ ውሃ ሆነበት። ጠቆረ። ከዚያ መሬት ላይ እንደተኛ በቀለ፤ አረንጓዴ ሆነ። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ዓይናችን እያየ ወደ ሣር ተመለሰ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ነዶውን በእጃቸው አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ሰማይ ጀርባ እንዳለው አላወቅንም» አሉ።

ሰማይ ጀርባ አለው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትወጡ ይህን የጋሼን ቃል ይዛችሁ ብትወጡልኝ እወዳለሁ። ሰማይ ጀርባ አለው። የጥቅምት ዝናብ በሐምሌው በር አይገባም።

ታዲያ በየትኛው በር ነው የሚገባው?

የዝናብ መቀነት የሚባል አለ በሉ። ምድርን በወገቧ ዙሪያ የታጠቀ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ የሚገናኝበት የደመና መቀነት ነው። ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከእኛም አልፎ ይተኛል፤ ክረምት የምንለው ያኔ ነው። በመስከረም ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትዞር እሱም ተከትሎ መውረድ ይጀምራል። ዝናቡ መጀመሪያ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ አገራችን ይለቃል፤ ወደ መሐል ይወርዳል፤ ከደቡብ ምዕራቡ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። በጥቅምት መቀነቱ ደቡቡ ላይ ይደርሳል። ለእኛ በጋ ሲገባ ለቦረና፣ ለጉጂ፣ ለባሌ ቆላና ለሶማሌ ወንድሞቻችን ዝናብ ይገባል። ቦረና ሀገያ ይለዋል፤ ሶማሌው ደይር ይለዋል። ይህን ልብ በሉ። እኛ አውድማ ስንለቀልቅ እነሱ ዘር ይዘሩበታል፤ ኩሬ ይሞሉበታል።

አዳማስ የት ናት? መካከል። ስምጥ ሸለቆው ከደቡብ እስከ እኛ ድረስ የተከፈተ ኮሪደር ነው። የደቡቡ እርጥበት አንዳንድ ሳምንት በዚህ ኮሪደር ሽቅብ ይመጣል። በዚያ ላይ ከምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረብ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ሊያቀብል ይችላል። እርጥበት ብቻውን ግን ዝናብ አይሆንም። የሚያነሣው ይፈልጋል። የሚያነሣው ከየት ይመጣል? ከሜዲትራኒያን በኩል! አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ አለ። በክረምት ከእኛ ርቆ በስተ ሰሜን ይቆያል። በጥቅምት ወደ እኛ ይቀርባል። ይህ ነፋስ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። አንዱ ጥምዝ ወደ ደቡብ ሲረዝም ቀዝቃዛ አየር ይዞ ከላያችን ይደርሳል። ከታች ሞቃትና እርጥብ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ሆነ ማለት ነው። ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከታች እሳት ሲያገኝ ምን ይሆናል? ይገለበጣል። ሰማዩም እንደዚያው ይገለበጣል፤ ነጎድጓድ ይሆናል፤ በረዶ ይጥላል።

እንግዲህ ለጥቅምት ዝናብ ሁለት ነገር መገናኘት አለበት፤ ከታች ከደቡብና ከምሥራቅ የመጣ እርጥበት፣ ከላይ ከሰሜን የወረደ ቅዝቃዜ። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይውላል። ከተገናኙ በአንድ ከሰዓት ሁሉም ይለወጣል። ሳምንቱ ተለዋዋጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዝቋላ ስለዚህ ምን ይነግረናል? ምንም። ዝቋላ የምዕራቡን በር ነው የሚጠብቀው፤ ይኼኛው እንግዳ በዚያ በር አይመጣም።

የሁሉም ዓመት ጥቅምት አንድ አይደለም። ያ የ1990 ጥቅምት ተራ ጥቅምት አልነበረም። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ በጣም ኃይለኛ ኤል ኒኞ፣ ማለትም የውቅያኖሱ መሐልና ምሥራቅ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት፣ የነበረበት፣ የሕንድ ውቅያኖስም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ከወትሮው የሞቀበት ዓመት ነበር። ሞቃት ባሕር ብዙ እርጥበት ይሰጣል። በጥቅምትና በኅዳር ከደቡብ እስከ መሐል አገር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ዘነበ፤ በየቦታው የደረሰ ሰብል ተበላሸ፤ ዋቢ ሸበሌ ከአፉ ወጣ። በ2012 ጥቅምትና ኅዳር የሕንድ ውቅያኖስ እንደገና በእኛ በኩል ሞቀ፤ ዝናቡ በዛ፤ በዚያው እርጥበት የአንበጣ መንጋ ተራባ። በ2016 ኅዳር ኤል ኒኞና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተደርበው ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ተቃራኒውም አለ። በ2013፣ በ2014፣ በ2015 ላ ኒኛ ሆኖ፣ ማለትም ያው ሰላማዊ ውቅያኖስ ከወትሮው ቀዝቅዞ፣ የጥቅምትና የኅዳሩ ዝናብ ደቡቡን ከዳው፤ መካከል ላይ ያለው የበልግ ዝናብም አልሆነም፤ የቦረና ከብት በየሜዳው አለቀ። ለእኛ አጨዳ የተመቸው ጥርት ያለ ሰማይ ለቦረና ሞት ነበር። ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል፤ ግን ማወቅ አለብን። አንድ ሰማይ ነው ያለን።

የወቅቱን ስም ነገር ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ያለንበት ወቅት ምን ይባላል? በሀገራችን ባሕረ ሐሳብ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል፤ የአበባ ወቅት። ብዙ ሰው ጸደይ ይለዋል፤ ጸደይ ግን ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። በእኛ በሜትዎሮሎጂ ሰዎች አከፋፈል ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ ነው። በኦሮምኛ ብራ ይባላል። አማርኛውም ሰማይ ሲጠራ «ብራ ሆነ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች አዳማ ላይ በአንድ ቃል ይገናኛሉ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ሳናስበው የሚወርድብንን መከራስ ምን እንለዋለን? የብራ መብረቅ! አባቶቻችን ይህን ቃል ከአየር ላይ አላመጡትም። ጥርት ባለ ቀን፣ አናታቸው ላይ ደመና ሳይኖር የመታ መብረቅ አይተዋል። መብረቅ ከደመናው ጎን ወጥቶ አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ተጉዞ ሊመታ ይችላል። እናንተ ብራ ውስጥ ናችሁ፤ ደመናው ኮረብታው ጀርባ ነው። እዚህም ላይ ሰማይ ጀርባ አለው።

በልጅነቴ የጎረቤታችን ሁለት በሬዎች ግራር ሥር እንደቆሙ በአንድ መብረቅ ወደቁ። ዝናብ ገና አልደረሰም ነበር። እረኛው ልጅ ጓደኛዬ ነው። የዳነው ውሃ ሊጠጣ ወደ ወንዝ ስለወረደ ብቻ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆች አይቷል፤ ግራር ሥር ግን አይቀመጥም። ስለዚህ ለልጆቻችሁ አስተምሩልኝ። ብልጭታውን ሲያዩ መቁጠር ይጀምሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ደመናው አሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ወደ ቤት ይግቡ። ዛፍ ሥር አይደለም፤ ወደ ቤት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ይህ ሳምንት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የምናገረውም የራሴን ግምገማ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ተከታተሉ፤ ከእኔ ቃል ጋር ካልተስማማ የእነሱን ያዙ፤ እነሱ የዕለቱን መረጃ ይዘዋል።

ዛሬና ነገ ደረቅ ነው። ነፋሻማ ነው። ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ። አዳማ እንደምታውቋት ናት፤ አቧራው ይነሣል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ነው። ነፋሱን የምታማርሩ አላችሁ፤ እኔ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ማማዎች ሳይ እጽናናለሁ። የመጀመሪያው የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። በበጋ ግድቦች የሚገባላቸው ውሃ ሲቀንስ የእኛ ነፋስ ይበረታል። አገሪቱ የምትፈልገው ያኔ ነው፤ ጥሩ ነፋስ ነው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቅጣጫ ይለውጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ከደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። ይህን በቆዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ደረቁ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ይኼኛው ለስለስ ይላል፤ ሌሊቱም እንደ ሰኞው አይበርድም። ሌሊቱ ሞቅ ካለ ተጠንቀቁ። ለምን? ደመናና እርጥበት ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ያቅፋል። በጥቅምት ብርድ የሌለው ሌሊት መልካም ዜና አይደለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ ሲጠፋ፣ ሸራችሁን አውጡ።

ሐሙስ ዋናው ቀን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአርሲ በኩል፣ በቦሰት፣ በአዳማ ዙሪያ፣ እስከ ሉሜ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ የማግኘት ዕድላችን ከአሥር ስድስት ነው እላለሁ። አንዳንድ ቦታ በረዶ ሊጥል ይችላል። ከአሥር ስድስት ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ ዓይነት ሐሙስ አሥር ጊዜ ቢመጣ ስድስቱን ይዘንባል፤ አራቱን አይዘንብም ማለት ነው። ቃል ኪዳን አይደለም። ደግሞ አንዱ ቀበሌ ሲዘንብ ጎረቤቱ አቧራ ሊሆን ይችላል፤ የጥቅምት ደመና ጠባብ ነው፤ ግን ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያወርደው። ዓርብ ከሐሙስ የቀለለ፣ ካፊያና ደመና ይኖራል። ቅዳሜና እሑድ ይጠራል፤ ነፋሱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። አሰላ ከአዳማ 800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ብቻ አምስት ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። ከአሰላ በላይ ወደ ጭላሎ ያላችሁ፣ እሑድ ሌሊት ረባዳ ቦታ ላይ ያለ ሰብላችሁን ውርጭ ሊነካው ይችላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ረባዳው ውስጥ ይተኛል።

ከእሑድ በኋላስ? የሚቀጥለውን ሳምንት አልናገርም። ሦስት ቀን ስለሚቀረው ነገር በሚገባ መናገር ይቻላል፤ ሰባት ቀን ሲሆን እምነቱ ይቀንሳል። ረቡዕ ማታ ትንበያውን እንደገና ስሙ። ልድገመው። ዛሬ የነገርኳችሁን ይዛችሁ እስከ ሐሙስ አትቆዩ፤ ረቡዕ ማታ እንደገና ስሙ።

ሦስተኛው፣ ምን እናድርግ።

ገበሬዎች፣ ደንቡ አንድ ነው። እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ አጭዳችሁ፣ ከምራችሁ፣ ሸፍናችሁ መጨረስ የምትችሉትን ያህል ብቻ እጨዱ። ማጨዱን አይደለም የምለው፤ መከመሩን ነው። የማትከምሩትን አትጨዱ። የቆመ ጤፍ ዝናብ ቢመታው ይተኛል፤ ግን ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ አብዛኛው ይተርፋል። ታጭዶ መሬት ላይ የተኛ ግን እንደ ጋሼ ጤፍ ይሆናል። አስቡት። ዝናቡ ቢቀር የአራት ቀን መዘግየት ያስከፍላችኋል። ዝናቡ ቢመጣና ጤፉ ሜዳ ላይ ቢሆን ግን ዓመቱ ነው የሚሄደው። አራት ቀንና አንድ ዓመት እኩል አይመዘኑም። ከአሥር ሦስት ቢሆን እንኳ ይህንኑ እላችሁ ነበር።

ክምሩን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት፤ ራሱን ወደ ውስጥ፣ ገለባውን ወደ ውጭ። ዙሪያውን ቦይ ቅደዱለት። ላስቲክ ስታለብሱት ከላይ ብቻ ይሁን፤ ጎኑን አታፍኑት፤ ከታፈነ ከውስጥ ይግልና ይሻግታል።

ቦሎቄ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉም ቅደሙ። ነጭ ቦሎቄ ከደረቀ በኋላ ውሃ ከነካው መልኩ ይጠቁራል፤ ወደ ውጭ የሚላከው በመልኩ ነው የሚገዛው። ጉልበት ካጠራችሁ ጤፉን ትታችሁ ቦሎቄውን አንሡ።

እናቶች፣ በርበሬው ያለው ደጅ ላይ ነው፤ አውቃለሁ፤ ስመጣ በየግቢው ቀይ ሆኖ አይቼዋለሁ። ረቡዕ ማታ ይግባ። ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ቢወጣም አታውጡት፤ የሐሙስ ጠዋት ፀሐይ አይታመንም። ጠዋት አጥብቆ የሚያቃጥል ፀሐይ ራሱ ነው ከሰዓት በኋላ ደመናውን የሚያስነሣው።

አዳማ ከተማ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ለእናንተ ያለኝ ነገር ከላያችሁ ስላለው ሰማይ አይደለም። ከተማችን ኮረብታ የከበባት ሳህን ናት። አንድ ዓመት የወዳጄ ሱቅ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ አስፋልቱ ደርቆ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቡናማ ውሃ በበሩ ገባ። አንዲት ጠብታ አልዘነበብንም ነበር። ኮረብታው ላይ ነው የዘነበው። ሃያ ኩንታል ስኳር ወለል ላይ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ወለል ላይ ምንም አይቀመጥ፤ ርብራብ ላይ ይውጣ። በደጃችሁ ያለውን ቦይ ዛሬ ክፈቱት፤ ዛሬ ደረቅ ነው፤ ዛሬ ይመቻል። ውሃው ምን ያህል ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ? ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንል ጥቂት ይመስላል። መቶ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግን 2,000 ሊትር ነው፤ አሥር በርሜል። ከአንድ ቤት! አንድ ሄክታር ኮረብታ ላይ ደግሞ 200,000 ሊትር ይሆናል።

የአዋሽ ዳር ሰዎች፣ ለእናንተም እንደዚሁ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው፤ ለእናንተ የሚደርሰው ውሃ የዘነበው ሌላ ሰው ላይ ነው። ቆቃ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ውሃ ሲያቆርልን ኖሯል። ግን ቆቃ በክረምት መውጫ ሞልቶ ነው የሚገኘው። በሞላ ላይ ሲጨመር መልቀቅ ግድ ይሆናል። ውሃ ይለቀቃል የሚል ማስጠንቀቂያ ከሰማችሁ ሰማዩን አትዩ፤ ከብቱን አውጡ።

ሹፌሮች፣ በአጭሩ። ጭድ የጫነ አይሱዙ ዛሬና ነገ በጎን ነፋስ ይናጣል፤ ፍጥነት ቀንሱ። ሐሙስ ከሰዓት ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ የምትጭኑ፣ ርጥቡን አትጫኑ፤ ሸራው ሥር ይበሰብሳል። መንገድ አቋርጦ የሚሄድ ጎርፍ ካያችሁ ቁሙ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ማንሳት ይችላል፤ ስድሳ ሲሆን ትልቁንም ይገፋል። የጥቅምት ጎርፍ በሰዓት ውስጥ ይጎድላል። አንድ ሰዓት ጠብቁ። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

መጨረሻ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ከጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እያንዳንዳችሁ ቤት አለ። ክዳኑን አንሥታችሁ፣ ከዛፍና ከጣሪያ አርቃችሁ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አቁሙት፤ ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን ድንጋይ አስደግፉት። ዓርብ ጠዋት በ3 ሰዓት የተማሪ ማስመሪያ አስገቡና ሚሊ ሜትሩን አንብቡ፤ ጻፉት፤ ውሃውን ድፉት። ቅዳሜም እንዲሁ። ዝናብ ካልነበረ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮም ቁጥር ነው። ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣም ጻፉልኝ። እኔ ለብዙ ዓመታት በአንድ መለኪያ የአንድን ቦታ ዝናብ ብቻ ስለካ ኖሬአለሁ። የእናንተ ስልሳ ጣሳ ከሉሜ እስከ አሰላ የደመናውን መንገድ ያሳየናል። የፊታችን ሰኞ በዚሁ ሰዓት እዚሁ እንገናኝና ካርታው ላይ እንጻፈው።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። እዚያ ከኋላ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱት እናቴ፣ ቀደም ብለው ወደ ምሥራቅ አይቻለሁ ብለው እጅዎን ካነሡት አንዷ ነዎት፤ ምን አይተው ነበር? ከእርስዎ እንጀምር።